ከሉሲ በፊት፦ የደንደሴ እንስሳት ታሪክ ከአባይ ሸለቆ እስከ ጣና

ደንደሴ የሚባሉት እንስሳት ዓሦች፣ እንቁራሪት አስተኔዎች፣ ገበሎ አስተኔዎች፣ አዕዋፍና አጥቢዎች ናቸው። አንድ ወገን የሚያደርጋቸው በተደረደሩ አከርካሪዎች የተሠራው የጀርባ አጥንት፣ በውስጡ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰርና አንጎልን የሚከልለው የራስ ቅል ነው። የዚህ ወገን ታሪክ ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት ይበልጣል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያ ስም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከሉሲ ጋር፣ ማለትም ከመጨረሻዎቹ ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ጋር ነው። ከዚያ በፊት ያለው ረጅም ዘመን ግን በአገሪቱ ምድር ላይ ምልክት ሳይተው አላለፈም። ከፊሉ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ሥር ተቀብሯል፤ ዳርቻው በአባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ይታያል።

የአማኑኤል፣ የደብረ ማርቆስ፣ የቢቸናና የሞጣ ደጋ ላዩ ባዛልት ነው። ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበት መረሬና ቀይ አፈር የተገኘው ከዚሁ ጥቁር ድንጋይ መፈራረስ ነው። የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ላቫ አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ የፈጀውም ወደ አንድ ሚሊዮን ዓመት ብቻ ነው፤ በምድር ታሪክ ሚዛን ይህ አጭር ጊዜ ነው። የጮቄ ተራራ ዘግይቶ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዚያ ላይ የተከመረ ሌላ እሳተ ገሞራ ነው። ቅልጥ ድንጋይ የደረሰበትን አጥንት ያቃጥላልና በባዛልት ውስጥ ቅሪተ አካል መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በዚህ ደጋ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው አለት ይገጥመዋል እንጂ የጥንት እንስሳ አጥንት አያገኝም። የሚፈለገው ከባዛልቱ በታች ነው፤ እዚያ ድረስ የቆፈረው ደግሞ አባይ ነው።

ከደጀን ተነሥቶ በአባይ ድልድይ በኩል ወደ ጎሐ ጽዮን የሚዘልቀው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። መንገደኛው ጠመዝማዛውንና ሙቀቱን ሲያማርር፣ የሥነ ምድር ባለሙያ በየኩርባው ዘመን ይቆጥራል። ከባዛልቱ ሥር የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ከእሱ ሥር የሙገር ጭቃ ድንጋይ የሚባለው ንጣፍ፣ ቀጥሎ እስከ 400 ሜትር የሚወፍር የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጂፕሰም ያለበት ንጣፍ፣ ከዚያም ሌላ፣ የቆየ የአሸዋ ድንጋይ አለ። በሸለቆው ወለል ላይ በአንዳንድ ቦታ ከ550 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረው መሠረታዊ አለት ብቅ ይላል። የታችኛው የአሸዋ ድንጋይ መከማቸት የጀመረው ግን በትሪያሲክ ዘመን፣ ከ250 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ እንደሆነ ይታሰባል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በመሠረታዊው አለትና በአሸዋው ድንጋይ መካከል በአብዛኛው ቦታ ምንም የለም፤ 300 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተዘሏል። ደንደሴ እንስሳት የተፈጠሩት፣ መንጋጋ ያወጡት፣ እግር ያበቀሉትና ከውሃ የወጡት በዚሁ በተዘለለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከሌላ አገር ድንጋይ መዋስ ግድ ይላል።

የሚታወቁት እጅግ ጥንታዊ ደንደሴዎች የተገኙት በቻይና፣ በዩናን ግዛት፣ ቼንግጂያንግ በተባለው ቦታ ነው። ዕድሜያቸው 518 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ለሳይንስ የተዋወቀው ሃይኩኢክቲስ፣ ከ3 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ቀጭን ፍጡር ሲሆን ጭንቅላት፣ ዓይንና ስንጥብ ነበረው፤ አጥንትና መንጋጋ ግን አልነበረውም። ጀርባውን ቀጥ አድርጎ የያዘው ኖቶኮርድ የሚባለው እንደ ዘንግ ያለ ተጣጣፊ አካል ነው። ይህ አካል ዛሬም በሰው ፅንስ ላይ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ቦታውን ለአከርካሪ ይለቃል፤ ከእሱ የሚተርፈው በአከርካሪዎች መካከል ባለው ለስላሳ ትራስ ውስጥ ነው። አጥንት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያም የታየው በውስጥ ሳይሆን በውጭ፣ መንጋጋ የለሽ ዓሦች እንደ ጋሻ በለበሱት ቅርፊት ላይ ነው። መንጋጋ ደግሞ ስንጥብን ከሚደግፉት ቅስቶች እንደተገኘ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። መንጋጋ ሲመጣ መንከስ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ በባሕር ውስጥ የነበረው የኃይል ሚዛን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ከውሃ መውጣት ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው መጀመሪያ ዓሣ ወደ የብስ ዘሎ ወጥቶ ከዚያ መተንፈስ እንደ ተማረ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ሳንባ ከእግር ይቀድማል። ኦክስጅን ባነሰው ረግረግ ውስጥ የሚኖሩ ዓሦች አየር ይስቡ ነበር። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በባሮና በኦሞ ወንዞች የሚኖረው ፖሊፕቴረስ የተባለው ጥንታዊ ዓሣ ሳንባ አለው፤ ውሃው ሲታፈን ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2004 በሰሜናዊ ካናዳ፣ በኤልዝሚር ደሴት የተገኘው ቲክታሊክ ደግሞ የመሸጋገሪያውን ደረጃ ያሳያል። 375 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው ይህ ዓሣ ቅርፊትና መቅዘፊያ ክንፍ ነበረው፤ በክንፉ ውስጥ ግን ክንድ፣ ክርንና የእጅ አንጓ የሚመስሉ አጥንቶች ነበሩ። አንገትም ነበረው፤ በተለምዶ ዓሣ አንገት የለውም።

እንቁራሪት አስተኔዎች ከውሃ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቁም። በጎጃም ክረምት ሲገባ በየኩሬውና በየረግረጉ የሚሰማው የእንቁራሪት ጩኸት ከውሃ ጋር ያላቸው ውል አካል ነው፤ እንቁላላቸው ቅርፊት ስለሌለው ከውሃ ውጭ ይደርቃል። ውሉን ያፈረሰው ሽሉን ከነውሃው በሽፋን የያዘው እንቁላል ነው። የዚህ እንቁላል ባለቤቶች የመጀመሪያ ቅሪቶች ከ310 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ከእነሱ አንዱ ሐረግ ወደ ገበሎ አስተኔዎችና አዕዋፍ፣ ሌላው ወደ አጥቢዎች አመራ። ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ በምድር ታሪክ ትልቁ እልቂት ደረሰና በባሕር ከነበሩት ዝርያዎች አብዛኞቹ ጠፉ። የአባይ ሸለቆ ድንጋይ መናገር የሚጀምረው ከዚህ እልቂት በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ አፍሪካ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከሕንድ፣ ከአውስትራሊያና ከአንታርክቲካ ጋር ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር አካል ነበረች። የታችኛውን የአሸዋ ድንጋይ ያነጠፉት በዚህ ምድር ላይ የሚፈስሱ ወንዞች ናቸው። በጁራሲክ ዘመን ግን ጎንድዋና መሰንጠቅ ሲጀምር ባሕር ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ውስጥ ገባ፤ ኦጋዴንንና ሐረርን አልፎ እስከ መቀሌና እስከ አሁኑ ጎጃም ድረስ ዘለቀ። ባሕሩ ጥልቅ ስላልነበረ አንዳንዴ እየሸሸና እየደረቀ ጂፕሰም ጥሎ አልፏል። ሲመለስና ሲሰፋ የኖራ ድንጋዩን አከማቸ። ዛሬ በሸለቆው ግድግዳ ላይ ከሩቅ ነጥቶ የሚታየው ይህ ድንጋይ የዛጎልና የሌሎች ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ክምችት ነው። አሁን ገደል በሆነው የደጀን በር ሥር በአንድ ወቅት ሞገድ ነበረ ማለት ነው።

በዚያ ባሕር ከዛጎል አመንጪዎቹ ሌላ ትልልቅ አዳኞችም ይኖሩ ነበር። በሐረር አካባቢ የተገኘ አንድ የመንጋጋ ቁራጭ ፍሪድሪክ ፎን ሁነ ለተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ደረሰው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1938 ፕሊዮሶር ከሚባሉት አንገተ አጭር የባሕር ገበሎዎች መድቦ ሲሞሌስተስ ኖዋኪያነስ ብሎ ሰየመው። ቁራጩ በዚህ ስም ከ50 ዓመት በላይ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሌሎች ባለሙያዎች እንደገና መርምረው ፕሊዮሶር ሳይሆን የባሕር አዞ መሆኑን አሳዩ። የአንድ መንጋጋ ጫፍ ይህን ያህል ካሳሳተ፣ ከኢትዮጵያ የጁራሲክ ዘመን የተገኘው ማስረጃ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በጁራሲክ መጨረሻ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ባሕሩ ሸሸ፤ በምትኩ ወንዞችና ረግረጎች የሙገርን ጭቃ ድንጋይ አነጠፉ። ለደንደሴ እንስሳት ታሪክ ከሸለቆው ንጣፎች ሁሉ ዋነኛው ይህ ነው። ምርምሩ የተካሄደው ከጎጃም ማዶ፣ በሰሜን ሸዋ በሚፈስሰው የአባይ ገባር በጀማ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው። ማርክ ጉድዊን፣ ዊልያም ክሌመንስ፣ ክሬግ ዉድና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳተሙ። ያገኙት ሙሉ አጽም ሳይሆን ጥቃቅን ስብርባሪ፣ በተለይም ጥርስ ነው፦ የጥንት ሻርኮች፣ ባለ ሳንባ ዓሣ፣ ኤሊ፣ አዞ፣ ዳይኖሰር። እ.ኤ.አ. በ2011 የዳይኖሰሮቹ ጥርሶች ለብቻ ሲጠኑ ሥጋ በልም ተክል በልም ዳይኖሰሮች በአካባቢው እንደ ነበሩ ታወቀ። ጥርስ ከአጥንት ይልቅ ጠንካራ በመሆኑ ወንዝ ያንከባለለውም ቢሆን ሳይፈርስ ይቆያል። ፈላጊውም ጭቃውን አጥቦ፣ በወንፊት አበጥሮ፣ የተረፈውን ፍሬ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ይለያል። ይህ ሥራ ከትልቅ አጽም ቁፋሮ ይልቅ ጤፍ ከመልቀም ጋር ይቀራረባል።

ከዚያው ጭቃ ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ2007 የታወጀው ግኝት ከሁሉም ያነሰ፣ ምናልባትም ከሁሉም የላቀ ነው፤ የአንድ አጥቢ እንስሳ ጥርስ። በኢትዮጵያ የጁራሲክ አጥቢ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። የዚያ ዘመን አጥቢዎች በአብዛኛው አይጥ ያካክሉ ነበር፤ በዳይኖሰሮች ጥላ ሥር ተሸሽገው ኖረዋል። ታሪካቸውን በጥርስ ማንበብ የሚቻለው፣ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋቸው ጥርስ እርስ በርሱ ገጥሞ ስለሚፈጭና ቅርጹ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለይ ነው። አጥቢን ከቀደሙት የሚለየው ሌላው ነገር ጆሮው ውስጥ ይገኛል። በገበሎዎች ዘንድ የመንጋጋ ማጠፊያ የሆኑት ሁለት አጥንቶች በአጥቢዎች ዘንድ ቀስ በቀስ አንሰው ወደ መሐል ጆሮ ገብተዋል፤ ሰው የሚሰማው በከፊል በቅድመ አያቶቹ መንጋጋ ነው።

የጀማ ግኝት ከዝናው በላይ ዋጋ አለው። የዚያ ዘመን የአፍሪካ ዳይኖሰሮች በይበልጥ የሚታወቁት እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 ጀርመኖች ከቆፈሩት ከታንዛኒያው ተንዳጉሩ ነው፤ ከዚያ በስተሰሜን ያለው ሰፊ ምድር ብዙም አልተነገረለትም። ያው ንጣፍ በምሥራቅ ጎጃም በኩልም በሸለቆው ግድግዳ ላይ ይገኛል፤ እስከ ዛሬ ያፈራው ግን ከሸዋው ማዶ ነው።

ከጭቃ ድንጋዩ በላይ ያለውን የአሸዋ ድንጋይ ያነጠፉት በክሪቴሸስ ዘመን መጀመሪያ የነበሩ ወንዞች ናቸው። ከዚያ ሸለቆው እንደገና ዝም ይላል። በአሸዋው ድንጋይና በባዛልቱ መካከል ከ70 ሚሊዮን ዓመት ያላነሰ ጊዜ ጠፍቷል። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችን ያጠፋው የሰማይ አካል ምድርን የመታው በዚህ በጠፋው ጊዜ ነው፤ በአባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ምልክቱን መፈለግ አይቻልም። ከዳይኖሰሮች የተረፈው አንድ ሐረግ አዕዋፍ ነው። ለዶሮ ወጥ የምትበለት ዶሮ በደረቷ ላይ ያለው ሹካ መሰል አጥንት ሥጋ በል ዳይኖሰሮችም ነበራቸው።

ከእልቂቱ በኋላ አፍሪካና ዓረቢያ አንድ ላይ ሆነው በባሕር የተከበበ ምድር ነበሩ። በዚያ ለብቻቸው ያደጉት አጥቢዎች ከሌላው ዓለም የተለዩ ሆኑ። ለዚህ ከተገኙት ማስረጃዎች አንዱ ከአማራ ክልል ወጥቷል። ከጎንደር በስተምዕራብ፣ በጭልጋ፣ በባዛልቱ ላይ የተኛው ደለል ከ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ እንስሳትን ጠብቆ አቆይቷል። ጆን ካፐልማን የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳስታወቀው ከዚያ የተገኙት በአብዛኛው የዝሆን ዘመዶች ናቸው። አርሲኖይቴሪየም አውራሪስ ይመስላል፤ በአፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ጎን ለጎን ተሸክሟል፤ ሆኖም የሚዛመደው ከዝሆን ጋር እንጂ ከአውራሪስ ጋር አይደለም። በቦታው የተሰየመው ችልጋቴሪየም ጥርሱ ወደ ታች የሚቆለመም የዝሆን ዘመድ ወገን ነው። ሽኮኮዎችም ነበሩ፤ ግን ዛሬ በየገደሉ ፀሐይ የሚሞቀው ትንሽ ሽኮኮ ዓይነት ብቻ አይደሉም፤ ከመካከላቸው ከእሱ ብዙ እጥፍ የሚገዝፉ ነበሩ። በዘመኑ ሣር የሚግጡ የቀንድ ከብት ወገኖች በአፍሪካ ስላልነበሩ ቦታውን የያዙት ሽኮኮዎች ናቸው። አፍሪካ ከእስያ ጋር ስትገጣጠም የውጭዎቹ ገቡና አብዛኞቹ የአገሬው ዝርያዎች ጠፉ። የተረፈው ሽኮኮ ዛሬም ከሚዳቋ ይልቅ ለዝሆን ይቀርባል።

ቀጣዩ ምዕራፍ በአፋር የተጻፈ ሲሆን ከሌላው ሁሉ በላይ ስለተነገረ እዚህ በአጭሩ ይታለፋል። ከሰው ዘር ጥንታዊ ዘመዶች አርዲ 4.4 ሚሊዮን፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጥራሉ። በዚያው ዘመን ደለል ውስጥ የጭላዳ ወገን የሆኑ ዝንጀሮዎች በብዛት ይገኛሉ፤ ከዚያ ወገን እስከ ዛሬ የተረፈው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረው ጭላዳ ነው።

ከጀርባ አጥንት ታሪክ አንጻር ግን ከሉሲ ይልቅ ሰላም ትበልጣለች። ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2000 በዲኪካ ያገኟት ይህች ሕፃን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ናት። አጽሟ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተጣብቆ ስለነበር ለማላቀቅ ዓመታት ፈጅቷል። የደረቷና የአንገቷ አከርካሪዎች ሳይበታተኑ መገኘታቸው እጅግ ብርቅ ነው። በፈረንሳይ፣ ግርኖብል፣ በኃይለኛ የኤክስ ጨረር ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ሰላም ልክ እንደ ዛሬ ሰው 12 የደረት አከርካሪ ነበራት፤ ቺምፓንዚ በአብዛኛው 13 አለው። የአንገቷ 7 ናቸው። ይህ 7 የሚለው ቁጥር ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር በአጥቢዎች ሁሉ ዘንድ ጸንቶ የኖረ ነው። ቀጭኔም አይጥም 7 አላቸው። ለቅርጫ የሚታረደው በሬ አንገቱ ላይ 7፣ ጎድን በሚበቅልበት ደረቱ ላይ 13፣ ከዚያ በታች ወገቡ ላይ 6 አከርካሪ አለው፤ ቢላዋው የሚያልፍባቸው መገጣጠሚያዎች ቁጥር የተወሰነው በሬ ገና በሬ ከመሆኑ በፊት ነው።

የአባይ ተፋሰስ ወደ ታሪኩ የሚመለሰው በመተማ አቅጣጫ ነው። የአባይ ገባር በሆነው በሽንፋ ወንዝ ዳር የሰፈሩ ሰዎች ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የበሉትን እንስሳ አጥንት ትተው ሄደዋል። በጭልጋ የሠራው ካፐልማን እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ የአየር ንብረቱ ይበልጥ ሲደርቅ በጥራጊያቸው ውስጥ የዓሣ አጥንት ድርሻ በጉልህ ጨመረ። ወንዙ በበጋ ወደ ኩሬነት ሲበጣጠስ ዓሣ ማጥመድ ቀላል ነበርና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ በቅርብ የሚታየው በጣና ሐይቅ ነው። ጣና ላቫ የወንዝ መውጫ ዘግቶ የፈጠረው ጥልቀት የለሽ ሐይቅ ነው፤ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበርና ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ሞልቶ እንደገና ወደ አባይ መፍሰስ እንደ ጀመረ በወለሉ ደለል ላይ ተነቧል። 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ አባይ ፏፏቴ የታችኛው ወንዝ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚህ በታጠረ ውሃ ውስጥ ላቤኦባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን ወደ 15 ዝርያዎች ተከፋፈለ። የለዩአቸው የሆላንዱ የቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ ናቸው። ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በል መሆናቸው ያስገርማል፤ ይህ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ የሚያኝከው በጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። ጥርስ ያላቸው አዳኝ ዓሦች እምብዛም በሌሉበት ሐይቅ ጥርስ የለሹ የአዳኝነትን ቦታ ያዘ፤ አፉ ሰፋ፣ ሰውነቱ ረዘመ።

ከእነዚህ ዝርያዎች 7ቱ ክረምቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ሲገባ አጥማጁ በወንዞቹ አፍ ላይ፣ ዓሦቹ ለመራባት በሚሰበሰቡበት ወቅት መረቡን ዘረጋ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረገ ክትትል የእነዚህ ዓሦች ብዛት በእጅጉ እንዳሽቆለቆለ አረጋግጧል፤ በይበልጥ የተጎዱትም ወደ ወንዝ የሚወጡት ናቸው።